ለአዴ ረሂማ ያጎደልኩት ምስክርነት

ስልኩ ሲጮህ የክትባት ማቀዝቀዣውን ሙቀት እየመዘገብኩ ነበር። አሶሳ ላይ ነሐሴ ማለት ዝናብ ነው፤ የጤና ጣቢያችን ቆርቆሮ ሲደበደብ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ በቅጡ አይሰማም። የደወለችልኝ ዘሀራ ናት፤ ሮቤ ሳለሁ አብራኝ የሠራች አዋላጅ ነርስ። የደወለችውም ለመርዶ አልነበረም። የሥልጠና ወረቀቷ ጠፍቶባት፣ ሥልጠናውን አብረን ስለወሰድነው የእኔን ወረቀት ፎቶ አንስቼ እንድልክላት ፈልጋ ነው። እሺ አልኳት። ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣

«አንቺ፣ ሰምተሻል አይደል?» አለችኝ። «አዴ ረሂማ እኮ ሞቱ።»

«የትኛዋ ረሂማ?» አልኩ። እኔ የማውቃቸው ረሂማ አንድ ብቻ ናቸው።

«ጆንያ ሰፊዋ ናቸዋ! የፎዚያ እናት። ሦስት ሳምንት ሊሆናቸው ነው። አንዱ የነገረሽ መስሎኝ እኮ ነው ዝም ያልኩት።»

እስክሪብቶው በእጄ ነበር። የሙቀቱን ቁጥር ጨርሼ ጻፍኩ፤ ከጎኑ ፊርማዬን አኖርኩ። ወንበር ፈልጌ የተቀመጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለሁ ሴት ነኝ። ሰው «ጥንቁቅ ናት» ይለኛል፤ ሮቤም እንዲሁ ይሉኝ ነበር። አዴ ረሂማን የጎዳኋቸውም በዚሁ በምመሰገንበት ነገር ነው።

ወደ ባሌ የሄድኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ጎጃም ተወልጄ፣ እዚያው ነርስነት ተምሬ፣ ዕጣዬ ሮቤ ላይ ወጣ። ኦሮምኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር። ከጤና ጣቢያና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የማውቀው መንገድም አልነበረም። የተከራየኋት አንዲት ክፍል ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ነበረች፤ አጥሬና የአዴ ረሂማ አጥር አንድ ነው። አዴ፣ እዚያ ሴትን በአክብሮት ሲጠሩ፣ እትዬ እንደማለት ነው።

መኸር ሲደርስ ኮምባይነሩ ከሮቤ ዙሪያ እስከ ገሰራ ድረስ ሲያጓራ ይውላል። ስንዴው በጆንያ ታጭቆ በጋሪም በአይሱዙም ከተማ ይገባል። ጆንያ ደግሞ ይቀደዳል። የተቀደደውን የሚጠግኑት አዴ ረሂማ ነበሩ። ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ሲባጎውን በጥርሳቸው እየበጠሱ ይሰፋሉ። ሥራ ሲያቆሙ ያንን ትልቅ የጆንያ መርፌ የሚሰኩት ሻሻቸው ላይ ነው። ረስተውት ገበያም፣ ለቅሶም፣ እኛ ዘንድም ይዘውት ይመጣሉ። ነጋዴዎቹ «አዴ፣ ዓይናችንን እንዳያወጡን!» ሲሏቸው፣

«ዓይንህ ሚዛንህ ላይ ይሁን እንጂ እኔ ላይ ምን ይሠራል?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ነጋዴው ቸኩሎ «ይቺ ቀዳዳ ትንሽ ናት፣ ትለፍ» ሲላቸው ሰምቻለሁ። ቀና ብለው እንኳን አላዩትም። «ትንሽ ቀዳዳ አይባልም። ስንዴም ትንሽ ናት» አሉት።

እኔን ያለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ «ሲስተር! አካም ቡልቴ!» ይሉኛል፤ እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስል፣ «እሱማ ይመስገን፤ አንቺስ እንዴት አደርሽ ነው የምልሽ» ብለው መልሱን ያስተምሩኛል። ጥንቃቄዬ ያስቃቸው ነበር። «አንቺ ወጥ ላይ ጨው የምትጨምሪው በደብዳቤ ነው መሰለኝ» ይሉኛል። ረቡዕና ዓርብ ወተት ይዘው ሲመጡ አልጠጣም ስላቸው፣ «የእናንተ ጾም እንደ መሥሪያ ቤት ነው፤ በመጣሁ ቁጥር ዝግ ነው!» ብለው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ቀኖቹን አጥንተው፣ እኔ የረሳሁትን ጾም ሳይቀር የሚያስታውሱኝ ሆኑ።

ፎዚያ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር። አዴ ረሂማ ልጅ ይወለድልኛል ብለው ተስፋ ከቆረጡ በኋላ የመጣች አንድያ ልጅ ናት። ባላቸው ጋሪ ነጂ ነበሩ፤ እሷ ጡት ሳትጥል ሞቱ። ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶ ስለነበር ልጅቷ ስትወለድ አላለቀሰችም። እግሮቿ እንደ መቀስ ይቆላለፋሉ፤ ያለ ድጋፍ አትቀመጥም፤ ንግግሯ ይጎተታል። ሳቋ ግን ሙሉ ነበር። እናቷ ሥራ ላይ ሲሆኑ ሁለት ሙሉ ጆንያ አቀራርበው በመካከላቸው ያስቀምጧታል፤ እንደ ንግሥት ግራ ቀኝ ስንዴ ተደግፋ መንገደኛውን ስታይ ትውላለች። እኔ በምጥ ጊዜ አየር አጥሯት አንጎሏ እንደተጎዳ ሳስረዳቸው በጥሞና አዳመጡኝና፣ «እኔ ዘንድ ሳለች ደህና ነበረች። መንገድ ላይ ነው የተጎዳችው» አሉ። ከዚያ በኋላ «ምን ሆና ነው?» ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው ይኸው ነበር። «መንገድ ላይ ተጎዳች።»

በሳምንት አንድ ቀን በሚኒባስ ወደ ጎባ ይዘዋት ይሄዳሉ። ሐኪም ቤት እግሯን የሚያፍታታ ባለሙያ አለ። እሱ ያሳያቸውን ሁሉ ቤት ይደግሙታል፤ ጆንያ በሚሰፉበት እጃቸው የልጅቷን ጉልበት ሲዘረጉና ሲያጥፉ ሳይ፣ ተምሬ የመጣሁት እኔ ነኝ ወይስ እሳቸው እል ነበር። ባለሙያው አንድ ነገር ነግሯቸዋል፦ አጥንቷ ሳይጠና ለእግሯ መደገፊያ ብረት ከተሠራላት፣ በዱላም ቢሆን የመሄድ ተስፋ አላት። ብረቱ የሚሠራው ግን ሌላ ከተማ ነው።

በዚያው ዓመት ቀበሌው መሥራት ለማይችሉ ቤተሰቦች ድጋፍ ለመስጠት መመዝገብ ጀመረ። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ አልጋ ላይ የቀሩ በሽተኞች፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላቸው እናቶች። ከወር ወር ከሚሰጠው ድጋፍ ይልቅ እኔን ያጓጓኝ ወረቀቱ ነው፤ ያንን ወረቀት የያዘ በነፃ ይታከማል፣ የእግር ብረቱም ወደሚሠራበት ቦታ ይላካል። ሮጬ በአጥሩ ላይ ነገርኳቸው።

መርፌውን ሻሻቸው ላይ ሰኩ።

«ምን ብዬ ነው የማስመዘግባት?» አሉኝ።

«አካል ጉዳተኛ ብለው።»

«ላኪ!» አሉ በኦሮምኛ። «አይሆንም።»

«አዴ፣ ስድብ አይደለም እኮ።»

«ስድብ ቢሆንማ እመልስ ነበር። አንቺ የስለቱ ቦታ፣ ሼክ ሁሴን፣ ሄደሽ አታውቂም። እኔ እዚያ ቆሜ፣ ይቺ ልጅ በእግሯ የቆመች ዕለት በእግሬ ይዣት እመጣለሁ ብዬ ተስያለሁ። ረቢን፣ ፈጣሪዬን፣ ‹አቁማት› እያልኩ፣ ለቀበሌ ደግሞ ‹አትቆምም› ብዬ ልፈርም? ሁለት ቦታ ሁለት ነገር የሚናገር ሰው ምን ይባላል?»

ደግሞ ሌላም ነበር። ስሙ በሕዝብ ፊት ይነበባል። ይህ የአገሩ ደንብ ነው፤ ኮሚቴው የመረጠውን ዝርዝር አዳራሽ ውስጥ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ በእያንዳንዱ ስም ላይ «ቅሬታ ያለው?» ይባላል። ዝም ከተባለ ያልፋል፣ የተቃወመ ካለ ይጠየቃል። ጎረቤት የጎረቤቱን ስለሚያውቅ ያልተገባው ሰው እንዳይገባ ነው። መልካም ደንብ ነው። ለአዴ ረሂማ ግን የሴት ልጃቸው ስም ከጉድለቷ ጋር ተያይዞ በዚያ ሁሉ ሰው ጆሮ መግባቱ ነበር። «ዛሬ ሕፃን ናት። ነገ ሰው የሚያስታውሳት በዚያ ነው» አሉ። እንደሱ ሲሉ ድምፃቸው ወረደ፤ የልጃቸውን ጆሮም በመዳፋቸው ሸፈኑ።

እኔ ግን አልተውኳቸውም። በሃይማኖቴ የማውቀውን ሁሉ አመጣሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን መጻጉዕን ነገርኳቸው፤ ጌታ ሲጠይቀው በሽተኛ አይደለሁም አላለም፣ ሰው የለኝም ብሎ ችግሩን ተናገረ፣ ያን ጊዜ ዳነ አልኳቸው። እሳቸውም በሰፈሩ ያሉትን ሼክ ጠየቁ። ከአንድ ሳምንት በኋላ መጥተው፣ «ሼኩ ‹ያለሽን ተናገሪ፣ የሌለሽን አትጨምሪ› አሉኝ» አሉ። «እንግዲህ ያለኝ ይኸው ነው። አትሄድም። ዛሬ አትሄድም፤ ነገን አልፈርምም።»

«ዛሬን ብቻ ይፈርሙ» አልኩ።

ቀበሌ አብረን ሄድን። ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ፈረሙ። ሲወጡ ክንዴን ያዙ።

«በሚነበብበት ቀን አንቺ ተገኚልኝ። የሚስቅ ካለ አንቺን ካየ ይፈራል።»

«እመጣለሁ» አልኩ። ለነገሩ መምጣቴ አይቀርም ነበር፤ የጤና ጣቢያው ወኪል ሆኜ እንድቀመጥ ኮሚቴው በደብዳቤ ጠይቆኛል።

ንባቡ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ፣ አዴ ረሂማ እየሮጡ ጤና ጣቢያ ገቡ። በአንድ እግራቸው የላስቲክ ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ። ተራ የሚጠብቀውን ሰው አልፈው እጄን ጎተቱ። «ነይ! አትጠይቂኝ፣ ነይ!» ልጅቷ የወደቀች መስሎኝ ጋዋኔን ሳላወልቅ ተከተልኳቸው።

ግቢያቸው ውስጥ ጆንያው ተደርድሯል። ፎዚያን አንሥተው በጆንያዎቹ ፊት አቆሟት፣ ሁለት እጆቿን ጆንያው ላይ አስያዟትና ቀስ ብለው ለቀቋት። ልጅቷ ቆመች። ጉልበቷ እየተብረከረከ፣ አገጯን ጆንያው ላይ አስደግፋ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ። «ቢስሚላህ» ሦስት ጊዜ እስኪባል ድረስ ቆየች። ከዚያ እንደ ባዶ ከረጢት ተጣጥፋ ወደቀች፤ ወድቃም ሳቀች።

አዴ ረሂማ እልልታቸው አምልጧቸው ወጣ፤ ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው አፈኑት። እንባቸው በጣቶቻቸው መካከል ይወርድ ነበር።

«ለማንም አትናገሪ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በፊት ሲስተር እንጂ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። «ዓይን አለ። ትጠንክርልኝ። ከኔ ሌላ ያየሽው አንቺ ነሽ።»

«አልናገርም» አልኩ።

የንባቡ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኔ ከኮሚቴው ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አዴ ረሂማ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ፎዚያን አዝለው ቆመዋል። ታጥበው፣ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው። ሰብሳቢው በኦሮምኛ ያነባል፤ አንዳንዴ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ይደግምልኛል። ስም ተነበበ፣ ዝም ተባለ፣ አለፈ። ሌላም። የፎዚያ ስም ሲነበብ የሳቀ የለም። አንዳንድ ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ፣ በቃ። ሊያልፍ ነው ብዬ ተነፈስኩ።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠ አንድ ሰው እጁን አወጣ። የእሱ እናት ከዝርዝሩ ውጪ ቀርተዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ተናድዷል።

«ይቺ ልጅ እየዳነች ነው ይባላል» አለ። «ባለፈው ከግቢያቸው እልልታ ሰምተናል። ቆማ ነው ይላሉ። የኔ እናት ከአልጋ አትወርድም፣ እሷ ቀርታ ለቆመች ልጅ ይሰጣል?»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«የጤና ሰው እዚህ አለች፤ ለምን እንጨቃጨቃለን? ሲስተር፣ አንቺ ጎረቤት ነሽ። በሃይማኖትሽ፣ ልጅቷ ስትቆም አይተሻል ወይስ አላየሽም?»

ተነሣሁ። አዴ ረሂማ በዚያ ሁሉ ሰው ራስ ላይ ያዩኛል። አላየሁም ብል ሐሰት ነው፤ እኔ በሐሰት አልምልም። አልናገርም ብል ደግሞ መልስ መስጠት ነው። የሚባለውን አውቅ ነበር። ተደግፋ ነው፣ ለአፍታ ነው፣ ወድቃለች፣ ይህ መቆም አይደለም፣ ብረቱ ካልተሠራላት ይህችም ትጠፋለች። ሁሉም አፌ ላይ ነበር።

«አይቻለሁ» አልኩ።

ሰዉ ተነፈሰ። ቀጥሎ ያለውን ልናገር አፌን ስከፍት ሰብሳቢው እጁን አነሣ። «በቃ፣ በቃ። ሲስተር አትዋሽም። አመሰግናለሁ፤ ቁጭ በይ።»

ቁጭ በይ ሲለኝ ቁጭ አልኩ።

ማንም አፌን አልያዘውም። እንደገና ተነሥቼ «አልጨረስኩም» ማለት እችል ነበር። ቀጥሎ ስንት ስም ተነበበ! በእያንዳንዱ መካከል እችል ነበር። ለምን እንዳልተነሣሁ እስካሁን ለራሴ ስናገር ሌላ ሌላ ምክንያት እሰጣለሁ፤ እውነቱ ግን ይህ ነው፦ ደስ ብሎኝ ነበር። «ሲስተር አትዋሽም» ስባል፣ ባዕድ አገር ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ንጹሕ የሆንኩ መሰለኝ። ያንን ስም በሁለተኛ ንግግር ላበላሸው አልፈለግሁም። ቀና ስል አዴ ረሂማ የልጃቸውን ማዘያ ሲያጠብቁ አየሁ። ወደ እኔ አላዩም። በሩን ገፋ አድርገው ወጡ።

ያልተስማማ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። ከጤና ጣቢያ አንድ ገጽ ደብዳቤ በቂ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ቀን በጓሮ በር ወጥቼ ሥራ ሄድኩ። ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አዴ ረሂማ ራሳቸው መጡና በሬን አንኳኩ።

«ምነው ጠፋሽ? ወተት አምጥቼ ነበር፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ክፍት ነሽ።»

ጀበናም ወንበርም ላመጣ ዞር ዞር አልኩ። እሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«አዴ፣ እኔ...»

«ዋሽተሻል?»

«አልዋሸሁም።»

«እንግዲያው ምን ታለቅሻለሽ?» ሳቁ። ከልባቸው ነው ወይስ ሊወጉኝ ነው አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም። «አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ልጄ ቆማለች ተባለላት። እኔ እናቷ ያልደፈርኩትን አንቺ ተናገርሽላት። ይህን የመሰለ ምርቃት ማን አግኝቶ ያውቃል? አሚን ብያለሁ።»

ፀሐዩ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ዘንበል ብሎ ነበር። ቀበሌው ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል። ሦስተኛው ቀን መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸው አያውቁም፣ አላነበቡም፣ ማንም አልነገራቸውም። ብነግራቸው «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ወተቱን በኩባያ ገልብጬ ዕቃቸውን አጥቤ መለስኩላቸው። ሄዱ።

ለንስሐ አባቴ ሄጄ «የሰው ምስጢር አወጣሁ» ብዬ ተናዘዝኩ። ስግደት አዘዙኝ፤ ሳላጓድል ሰገድኩ። ያልተናዘዝኩት ሌላው ነው። ምስጢር ማውጣቴ ትንሹ ኃጢአት ነበር። ግማሹን አውጥቼ ግማሹን መያዜን ለካህን እንኳን አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ የጎባው ጉዞ እየሳሳ ሄደ። በየሳምንቱ የነበረው በወር ሆነ፤ መኸር ደርሶ ጆንያው ሲበዛ ጭራሽ ቆመ። ፎዚያ ያን ዕለት እንደቆመችው ደግማ ስትቆም አላየሁም። አዴ ረሂማም ስለ መቆሟ ከእኔ ጋር ዳግመኛ አላወሩም። ሌላው ሁሉ እንደ ድሮው ነው፤ ሰላምታው፣ ቀልዱ፣ የጾም ቀን ማስታወሱ። ይህ እንደ ድሮ መሆናቸው ነው እኔን የጎዳኝ። ቢሰድቡኝ ኖሮ ይቅርታ እጠይቅ ነበር።

የሮቤ ቤቴን ለቅቄ ወደ አሶሳ ስዛወር ዕቃዬን በጆንያ ያሰሩልኝ እሳቸው ናቸው። የጆንያዎቹን አፍ ድርብ ስፌት ሰፉት። «አሶሳ የት እንዳለ አላውቅም፤ ሩቅ ከሆነ ግን አንድ ስፌት አይበቃም» አሉ። አሶሳ ደርሼ ያንን ሲባጎ በመቀስ መቁረጥ አቅቶኝ ሳምንት ሙሉ ድስት ከጎረቤት ተበድሬ ሠራሁ።

በዒድ እደውል ነበር፤ እሳቸውም በፋሲካ ያስደውሉልኝ ነበር። «ፎዚያስ?» እላለሁ። «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ናት» ይላሉ። ትሄዳለች ወይ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን።

ዘሀራን ግን ጠየቅኳት። ዝናቡ እየጮኸ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ «ልጅቷ ትሄዳለች?» አልኩ።

«የት ትሄዳለች! በጉልበቷ ነው። አሁን አክስቷ ዘንድ ናት፣ የአዴ ረሂማ እህት የሉም እንዴ፣ እዚያው መጋዘኑ ጋ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ጆንያ መስፋት ይዛለች። ግን...»

«ግን ምን?»

«አሁን እንደገና ምዝገባ ተጀምሯል። አክስቷ ላስመዝግብ አላስመዝግብ እያለች ግራ ገብቷታል። ባለፈው ቀበሌ ስትጠይቅ ‹ይቺ ያቺ ቆማለች የተባለችው አይደለችም እንዴ? ሲስተሯ ምላ የመሰከረችባት?› አሏት አሉ። እህቷ ያፈሩበትን አዳራሽ ዳግመኛ ልጅቷን ይዛ መግባት ፈርታለች። ማን ያውቃል፣ ትተወው ይሆናል።»

ዘሀራ ያ ሲስተር እኔ መሆኔን የዘነጋች ይመስለኛል። ወይም አልዘነጋችም።

በዚያው ዕለት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ያየሁትን ሁሉ ከነ አወዳደቋ ዘርዝሬ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ለቀበሌው ላክሁ። ግን አገሩን አውቀዋለሁ። አዳራሽ ውስጥ ከሩቅ የመጣ ወረቀት ሰው አጠገብ ካለ ጎረቤት ቃል እኩል አይሰማም። እኔም በቃሌ ነው ያጎደልኩት።

ስለዚህ በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ከእናንተ ለአንዱ እንኳን ቢደርስ፣ የምለምነው አለኝ። በመስኮቱ በኩል የነበርከው ወንድሜ፣ አንተ ለእናትህ ብለህ የሰማኸውን ተናገርክ፤ አንተን አልወቅስም። በሩ አጠገብ የቆማችሁ እናቶች፣ አዴ ረሂማ ሲወጡ ያያችሁ፣ እናንተ ልጅቷን አሁን በየቀኑ ታዩአታላችሁ። እባካችሁ አክስቷ ዘንድ ሂዱ። «አስመዝግቢ፣ አብረንሽ እንገባለን» በሏት። ስሟ ሲነበብ ከጎኗ ቁሙ። አንድ ሰው «ይቺ እኮ ቆማለች ተብሎ ነበር» ካለ እጃችሁን አውጡና ያኔ እኔ ያልጨረስኩትን ጨርሱልኝ፤ ጆንያ ይዛ ነበር፣ ለሦስት ቢስሚላህ ነበር፣ ወደቀች። ሲስተሯ ይህንን ታውቅ ነበር፣ ዝም አለች በሉ። ስሜን ከፈለጋችሁም ጥሩት። እኔ ውሸታም ልባል፤ ልጅቷ ግን ትጻፍ።